ቅጠል ያወጣው የአራስ ቤት

አባቴና እናቴ አንድ ነገር ለመሥራት አብረው ሲነሡ ከቤታችን ቶሎ መጥፋት ያለበት ሰው እኔ ነኝ። ግን የት እጠፋለሁ? «አንቺ ልጅ፣ መዶሻውን አምጪ!» ይላል እሱ ከጓሮ። «መዶሻውን ተይና ውኃ ቅጂልኝ!» ትላለች እሷ ከችግኞቿ መሀል። እግዚአብሔር የሰጠኝ ሁለት እጅ ነው፤ አንዱን አባቴ፣ አንዱን እናቴ ወስደውታል። ይህን የምጽፈው ሁለቱም ደክሟቸው ጋደም ሲሉ በሰረቅሁት እጅ ነው። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ አራግፌ፣ አለስልሼ፣ ቆርጬዋለሁ። ድሮ የሚያናድደኝን ነገር ዋጥ አደርገው ነበር። መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ግን ንዴቴ ራሱ ይጣፍጠኛል።

አባቴ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ጣልያን ዲላ ገብቶ ዕቃውን በካሚዮን ማራገፍ ሲጀምር የአባቴ መደርደሪያ ባዶ ቀረ፤ እጁም ሥራ ፈታ። ታዲያ መዶሻ አነሣ። ያን ሰሞን የሠራው ወንበር ተቀማጩን ወደ ግራ ያዘነብላል። የዶሮ ቤቱ በር የሚዘጋው ከውስጥ ብቻ ነው፤ ዶሮዎቹ እንዲዘጉት ይሆን እንጃ። እኔ ስስቅ እናቴ ጎሸም አደረገችኝ።

«ተዪው፣ ምስማሩን ይምታ» አለችኝ። «ዝም ብሎ ደጅ ከተቀመጠ አፉ ይከፈታል። በዚህ ዘመን አፉ የተከፈተ ሰው የት እንደሚወሰድ ታውቂያለሽ።»

እሷም ብትሆን ከእሱ አትሻልም። ሁለቱም የሸዋ ደጋ ልጆች ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ቆዩ፣ ልባቸው ግን አሁንም የደጋውን አፈር ነው የሚያውቀው። እናቴ በየዓመቱ ነጭ ሽንኩርት ትተክላለች፤ በየዓመቱ የዲላ ዝናብ ያበሰብሰዋል። «አገሬ ቢሆን ይሄኔ...» ትላለች። አገሯ አይደለማ! ጎረቤቶቻችን ቡናውን በእንሰቱ፣ እንሰቱን በዛፉ ጥላ ሥር እያደረጉ ሳይደክሙ ይኖራሉ። የእኛ ጓሮ ብቻ ነው በየጊዜው ለቅሶ የሚቀመጠው።

እናቴ አባቴን ሰላም ሲሆኑ «አንተ» ትለዋለች። ስትናደድበት ግን «እርስዎ» ነው። የአራሷን ቤት በሠሩበት ሰሞን እርስዎነቱ በዝቶ ነበር።

ታላቅ እኅቴ ያገባችው ከዲላ ወጣ ብሎ ወናጎ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ የእኛ ሰዎች ወግ ነው። እኅቴ ስታረግዝ እናቴና እኔ ልንጠይቃት ሄድን። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ወጉን አልካዱም። ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፦

«የእናንተ ቤት አንድ ክፍል ነው» አሉ። «ደጁ ሱቅ ነው። የሚሸጥ ባይኖርም ለወሬ የሚቀመጥ አይጠፋም። ልጄ በሰው ዓይን ፊት አትወልድም። የአራስ ጓዳ ካበጃችሁ ይዣት እመጣለሁ፤ በዓይኔ አይቼ፣ ደግ ከሆነ ትቼላችሁ እመለሳለሁ። ካልሆነ እዚሁ ትወልዳለች።»

ስንወጣ እኅቴ ከበሩ ጥግ ያዘችኝ። «ክፉ ሰው አይደሉም» አለችኝ። «ግን ፈርቻለሁ። ምጥ ሲይዘኝ የእማዬን እጅ መያዝ አለብኝ። አባባን አደራ በይው፤ እባክሽ እንደ ዶሮ ቤቱ እንዳያደርገው።»

አደራውን ለአባቴ ነገርኩት፤ የዶሮ ቤቱን ግን አላነሣሁም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ተነሥቶ ጓሮውን በእርምጃ መለካት ጀመረ፤ እናቴ ደግሞ ከኋላው እየተከተለች እሱ የተከለውን ችንካር ነቅላ ሌላ ቦታ ትተክላለች። ያን ጊዜ ነው ልቤ የራደው።

መጀመሪያ እንጨት ጠፋ። ዝግባውም ወይራውም ለጣልያን መንገድ ድልድይ እየተባለ በካሚዮን ይጋዛል፤ ጫካ ገብቶ መቁረጥም ያስቀጣል። ጎረቤታችን ግን፣ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው፣ ለቡናቸው ጥላ ከሚሆኑት የኮርች ዛፎች ቀጥ ቀጥ ያለውን ቆርጠው ሰጡን። ኮርች ለስላሳ ነው፤ መጋዝ እንደ ቂጣ ይቆርጠዋል። አባቴ ደስታውን አልቻለውም።

«አባባ» አልኩት፣ «ኮርች እኮ ይበቅላል። የሽማግሌው አጥር ኮርች ነው፤ ሁሉም በቅሏል።»

«እሱ አጥር ነው» አለኝ።

«እና?»

«አጥር ውጭ ነው። ይሄ ቤት ነው። ጭቃ የተመረገ እንጨት ሲበቅል የት አይተሻል?»

እናቴን አየኋት፤ ታድነኛለች ብዬ። «እውነቱን ነው» አለች። «አገራችን የቤት ቋሚ ሲበቅል ማን አየ?» ለጠብ የማይገጥሙበት ነገር የለም፤ ለስሕተት ሲሆን ግን እንደ በሬ አብረው ይጠመዳሉ።

ቋሚው ተተከለ። ማገሩ ታሰረ። ምርጊቱ ላይ ጦርነት ሆነ፤ እናቴ ጭቃው ያለ ጤፍ ጭድ አይይዝም አለች። ዲላ ላይ የጤፍ ጭድ ከየት ይመጣል? አባቴ የእንሰት ቃጫ ቆራርጦ ከጭቃው ቀላቀለ። እሷ እሱ ዘወር ሲል እበት ጨመረችበት፤ እሱ እሷ ዘወር ስትል ተጨማሪ ቃጫ። ያንን ጭቃ የረገጠው የማን እግር ይመስላችኋል?

ጣራው ከባዶ የቤንዚን ጣሳ ነው። ጣልያኖቹ ጣሳውን ከመንገድ ዳር ይጥሉታል፤ አባቴ ይለቅማል፣ በመዶሻ ይጠፈጥፋል። አዲስ ምስማር ስለሌለ ከተሰባበረ ሣጥን የወጣ ጎባጣ ምስማር ድንጋይ ላይ እያስቀመጥኩ የማቃና እኔ ነኝ። አውራ ጣቴ እስካሁን ጥፍሩ ጥቁር ነው። «ምስማር ሳይሆን ጣትሽን ነው የምታቃኚው» ይለኛል አባቴ፣ እየሳቀ!

ቤቱ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምር ነበር። እናቴ ዙሪያውን ጤና አዳምና በሶብላ ተከለች፤ «አራስ ቤት ሽታው ደግ ይሁን» ብላ። ፀሐይ ቀዝቀዝ ሲል ውኃ ታጠጣለች። ውኃው ደግሞ የት ይወርዳል? ቋሚዎቹ ሥር።

የበልጉ ዝናብ ጣለ። አንድ ጠዋት ልጠርግ ገብቼ ከግድግዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነገር አየሁ። አባጨጓሬ መስላኝ በመጥረጊያ መታኋት። አልወደቀችም። ጠጋ ብዬ ሳይ ምርጊቱን ሰንጥቃ የወጣች እንቡጥ ናት።

«አባባ፣ ቤቱ በቀለ!»

ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ጎንበስ ብለው እንቡጧን አዩ። ከዚያ፦

«በእርስዎ እንጨት ነው!» አለች እናቴ።

«በአንቺ ውኃ ነው!» አለ አባቴ።

«እርስዎ ኮርች አምጥተው!»

«አንቺ እበት አብልተሽ!»

ጩኸቱን ሰምተው ሽማግሌው በአጥር ብቅ አሉ። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ አባቴን አዩ። «ቋሚዋ ያ ኮርች ነው እንዴ?» አሉ። «እኔ ለአጥር መስሎኝ ነው የሰጠሁህ ወዳጄ! ኮርች ቆርጠህ ተከልክ፣ እበት ቀባህ፣ ውኃ አጠጣህ። ታዲያ ምን ታድርግ? ትበቅላለች!» ሳቃቸው እስከ ቡናው ማሳ ተሰማ። ሚስታቸውን ጠሩ፤ ሚስታቸው ጎረቤት ጠሩ። ያን ቀን የእኛ ጓሮ ገበያ ዋለ።

አፍርሶ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም፤ እኅቴ ወሯ ገብቷል፣ አማቷም የሚመጡበትን ቀን ልከዋል። ስለዚህ አንድ ሥራ ተፈጠረ፤ ለኔ። በየጠዋቱ ቤቱን እንደ ጎመን መቀንጠስ። ከውጭ ቀንጥሼ ስጨርስ ከውስጥ ወጥቶ ይጠብቀኛል። ከውስጥ ስጨርስ እንደገና ከውጭ። ኮርች ደግሞ እሾህ አለው። እኩዮቼ ምንጭ ወርደው ሲጫወቱ እኔ የቤት ግድግዳ አርማለሁ። ማን ያምነኛል? እናቴ ከቃጫ ሰፊ ሰሌን ሠርታ የባሰበትን ግድግዳ ሸፈነችው። አባቴ ሰሌኑ ጠሟል ብሎ እንደ አዲስ ሰቀለው። ያኔ በእውነት ጠመመ።

ቀኑ ደረሰ። እኅቴ በበቅሎ፣ አማቷ በእግራቸው ልጓሙን ይዘው መጡ። ያን ሁሉ መንገድ ጭቃ ረግጠው! እኅቴ ከበቅሎዋ ሳትወርድ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ጎህ ሲቀድ ጀምሬ አንዲት ቅጠል ሳላስቀር ቀንጥሼ ነበር። በሰሌኑ ሥር ያለውን ግን ረስቼዋለሁ።

አማቷ ገቡ። አልጋውን ነካ ነካ አደረጉ፤ አባቴ ከሣጥን ሳንቃ የሠራው ነው። ወለሉን አዩ። ከዚያ ሰሌኑን አዩት፤ መሀሉ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። በአንድ ጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነው» አለች እናቴ።

«ቅጠልነቱንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕያው እንጨት ምስጥ አይበላውም፣ እመቤቴ።»

«አስበንበት ነው» አለች እናቴ፣ ፊቷ ምንም ሳይል። ያን ዕለት ጠዋት «እርስዎን ብሎ አናጢ!» ስትለው የሰማኋት እኔ ሳል ያዘኝ።

ይህን እያለች ዝናቡ ጣለ። በጣሳ ጣራ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው የሚናገረው አይሰማም። መጀመሪያ አንድ ጠብታ አልጋው ላይ፤ ከዚያ አማቷ ትከሻ ላይ። ቀና አልን። ከቋሚው አናት የወጣ ቅርንጫፍ ጣሳውን ገፍቶ ሰማይ አሳየን። ከላይ ያለውን ማንም ልብ አላለውም ነበር! እኅቴ በሩ ላይ ቆማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አማቷም ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ወደ በቅሎዋ ዞረው ልጓሙን ያዙ።

አባቴ ገጀራውን መንትፎ ወጣ። ከበሩ ሆነን ስናይ መሰላሉን አስደግፎ እየወጣ ነው፤ መሰላሉም የእሱ ሥራ ነው። እናቴ በዝናቡ ሮጣ ታቹን ያዘችው።

«እርስዎ ይውረዱ! ይውረዱ ብያለሁ!»

«በደንብ ያዢው!»

«አንገትዎን ሊሰብሩልኝ ነው? ቤቱ ይፍረስ፣ ይውረዱ!»

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አስጠጊው!»

አንዱ ደረጃ ቀጭ አለ። አባቴ ከወራጁ ላይ ተንጠለጠለ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች እናቴ፤ «አንተ፣ ያዝ! ያዝልኝ!» እግሮቹን አቅፋ በትከሻዋ ደገፈችው። እሱ ከላይ ቅርንጫፉን ይቆርጣል፤ ቅጠሉ እሷ ራስ ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱም ጭቃ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው የእንሰት ቅጠል ተሸክመው ደረሱና ለአባቴ ከታች ያቀብሉት ጀመር፤ እሱም ክፍቱ ላይ አነጠፈው። ጠብታው ቆመ።

እኅቴ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እየሳቀች ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ከዚህ አልነሣም» አለች። «ዛፍ ይብቀል፣ ጫካ ይሁን፣ አልነሣም።»

አማቷ በሩ ላይ እንደቆሙ አባቴንና እናቴን ተመለከቱ። «ነፍሱን ይማረውና» አሉ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «የኔ ባል አንድ ምስማር መትቶልኝ አያውቅም።» ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምቀው ልጓሙን ለቀቁ። «ትቆይ። ቅጠሉን ግን የሚቀነጥስ ሰው አይጥፋ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ልጁ የተወለደው ጠዋት ላይ ነው፤ ወንድ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ እኅቴ በአንድ እጇ የእሷን እጅ፣ በሌላው ያንን ጉደኛ ቋሚ ይዛ ነው የተገላገለችው። «እንዳያያዟ ሌላ እንጨት ቢሆን ይነቀል ነበር» አለች። አባቴ ይህን ከሰማ ጀምሮ ዐዋቂ ሆኗል። አሁን «ሕያው እንጨት ለቤት፣ ደረቅ ለአጥር ነው» እያለ አጥራችንን አፍርሶ በደረቅ እንጨት እየሠራ ነው፤ እናቴም ዙሪያውን ነጭ ሽንኩርት ልትተክልበት ነው። ምስጡ ገና ከአሁኑ ጀምሯል።

አማቷ ልጁን ሊያዩ ሲመጡ ኮርች አስቆርጠው ወናጎ አስወሰዱ። የወናጎው ቤታቸው ቋሚ በምስጥ አልቋል፤ ለአራሷ መመለሻ ባለ ሕያው ቋሚ ጓዳ ሊያሠሩ ፈለጉ። ትናንት መልእክት ላኩ፤ ጓዳው ተሠርቷል፣ አምሯል፣ በቅሏልም። እኅቴና ልጁ ሲመለሱ «ያቺ ቅጠል መቀንጠስ የምታውቀው ትንሿ አብራ ትምጣ» ብለዋል።

እኔ ለማንም እሺ አላልኩም። አባቴ ግን ለመንገድ ብሎ ትንሽ ሣጥን እየሠራልኝ ነው፤ ክዳኑ ከአሁኑ አልገጥም ብሏል። እናቴ ሰፋ ያለ ቢሆን ይሻላል ትላለች። እየጠሩኝ ነው። የተቃና ምስማር ፈልገው።