ደጋ የለመደው ኮምፒውተር

ጡረታ የወጡት መምህር ኮምፒውተሩን ከደጋው ከጨንቻ ይዘው የወረዱት በጋቢ ጠቅልለው ነበር። እታች ቆላ፣ ሲቀላ ያለችው ጠባብ የጥገና ቤቴ ሲደርሱ ጋቢውን እጥፍ በእጥፍ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ዕድሜው የገፋ ነጭ ማክ ላፕቶፕ ነው፤ ያስተምሩ በነበረ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ የሰጣቸው።

"አባቴ እዚህ ውስጥ አሉ" አሉኝ።

አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት መምህሩ ይህን ኮምፒውተር መሸመኛው አጠገብ አስቀምጠው፣ አባታቸው እየሸመኑ ስለ ድርና ስለ ጥለት ሲያስረዱ ድምፃቸውን ቀድተዋል። ሠላሳ አራት ፋይል ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ የለም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እንዲህ የሚል ዲስክ ብዙ ጊዜ እንደማይቆይ አውቃለሁ።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። የተበላሹ ማሽኖችን እየፈታሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ እየደረደርኩ ነው የለመድኩት። የማኩ የፍላሽ መሰኪያዎች ሁለቱም አይሠሩም። ሲዲውም ሞቷል። ዲስኩን አውጥቼ እንዳላነብ የሚገጥመው ገመድ ሲቀላ ውስጥ አላገኘሁም። የቀረው የኔትወርክ ቀዳዳው ብቻ ነው። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ አገናኘኋቸው፤ ለአንዱ በ1፣ ለሌላው በ2 የሚያልቅ የኔትወርክ አድራሻ በእጄ ሞላሁ፤ ማኩ ላይ ፋይል ማጋሪያውን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቶ የመምህሩ ፎልደር በእኔ ስክሪን ላይ ብቅ አለ።

በተለያየ አገር፣ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሰዎች የተሠሩ ማሽኖች ናቸው። አንዱ "አለህ?" ሲል ሌላው "አለሁ" የሚልበትን ያቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ እስካሁን ግን እጄን ከኪቦርዱ ላይ ከማንሳት ሌላ የማደርገው የለኝም።

ዲስኩ ስለደከመ ቅጂው ተንቀረፈፈ። በስምንተኛው ደቂቃ፣ አንድ ፋይል እንኳ ሳያልቅ፣ ማኩ ድርግም አለ። ማራገቢያ ፊቱ አቁሜ እንደገና ሞከርኩ። በዘጠነኛው ደቂቃ ጠፋ። ሆዱን ስነካው እጄን ሊያቃጥለኝ ደረሰ።

"ቤትዎም እንዲህ ይጠፋል?"

"ኧረ የለም። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ምንም አይል።" ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "እንደ እኔ ነው፤ ቆላ አይስማማውም።"

ለቀልድ ነበር ያሉት። እኔ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ላበራው የዘረጋሁትን ጣቴን መለስኩ። እንዲህ በጠፋና በበራ ቁጥር ዲስኩ ይጎዳል።

"ነገ የእኔን ይዤ ወደ እርስዎ እወጣለሁ" አልኳቸው።

"ያንተኛው ብርድ ይችላል?"

"ካልቻለ ጋቢውን ያውሱታል።"

በማግስቱ ጠዋት ጨንቻ ጉም ውስጥ ነበረች። የአባታቸው መሸመኛ ጉድጓድ አሁንም ቤቱ ውስጥ አለ፤ በሳንቃ ተሸፍኗል። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ሳንቃው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የመምህሩ እናት፣ በጣም ያረጁ ሴት፣ አጠገባችን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርታቸውን አስቀምጠው ገመዱን በሁለት ጣታቸው ያዙት።

"ክሩ ይኸው ብቻ ነው?" አሉኝ በጋሞኛ።

"ይኸው ብቻ ነው፣ እማማ።"

"በአንድ ክር ምን ይሸመናል?"

"ውስጡ ስምንት ቀጫጭን አሉ። ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ።"

"ከተገመደ ደህና ነው" አሉና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

ስምንተኛው ደቂቃ አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ማኩ ሆዱ ለብ ከማለት አላለፈም። ያለቀውን ፋይል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ዲስኩ ደጋግሞ ጠቅ አለና ቅጂው ቆመ። መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እናትየው መፍተላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የቅጂው መስመር ትንሽ ወደፊት ተንቀሳቀሰ፤ መምህሩም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሁሉም ሲያልቅ የሠላሳ አራቱንም መጠን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንዲት ባይት አልጎደለችም። የመጨረሻውን ከእኔ ላፕቶፕ ከፈትኩት። የመሸመኛው ምት ተሰማ፣ ቀጥሎ የሽማግሌው ድምፅ።

እናትየው እንዝርቱን አቆሙ። ዓይናቸው ግን ነጩ ኮምፒውተር ላይ ነበር።

"ከዚያኛው ወጣ ማለት ነው?"

"አልወጣም፣ እማማ። እዚያም አሉ።"

"ሁለት ቦታ?"

ያላመኑኝ መሰለኝ። ያንኑ ፋይል ማኩ ላይም ከፈትኩት። አሁን ሁለት መሸመኛ ይመታ ጀመር፤ የእኔኛው ቀድሞ፣ የመምህሩ አንድ ትንፋሽ ያህል ኋላ። ሽማግሌው ከወዲህም ከወዲያም "ማግ አልቋል፣ አምጪ እንጂ" አሉ።

"እየፈተልኩ ነው በለው" አሉኝ እናትየው እንዝርቱን መልሰው እያሾሩ። "ድሮም መታገሥ አያውቅም።"

ገመዱን ነቀልኩት። ሁለቱም ቀጠሉ።