በጾም የተለካ እግር

ግራ እግሬን መርሳ ላይ የወደቀ መድፍ ወሰደው፤ ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ። «ብቻ» የምለው እኔ አይደለሁም፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ነው። «ጉልበትህን ስለተወልህ ተመስገን በል» ሳይለኝ የወጣ ጠያቂ ትዝ አይለኝም። የሚመክረኝ ሁሉ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር።

ጦርነቱ ፋታ በሰጠን ጊዜ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ደሴ ሄጄ ሰው ሠራሽ እግር አሠራሁ። ባለሙያው ጉቶዬን በጄሶ ለካ። ጉቶው የሚገባበትን ክፍል እሱ ሶኬት ይለዋል፤ እኛ ቤት ኩባያ ተባለ። ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ጫናውን እንደሚችል፣ የአጥንቱ ጫፍ ግን እንደማይችል አስረዳኝ። ከላላህ ካልሲ ደርብ፣ ከጠበበህ ግን በግድ አታስገባ፣ ወደኔ ና አለኝ። ክብደትህ አይለዋወጥ ሲለኝም እሺ አልኩ። እሱም ጿሚ፣ እኔም ጿሚ፤ ከጾም ቀጥሎ ፋሲካ እንደሚመጣ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

እግሩን የፈለግሁት ለእህቴ ሠርግ ነው። አባታችን የለም፣ ቦታው የእኔ ነው። ሙሽሮች ከቤት ሲወጡ የወላጅ ጉልበት ይስማሉ፤ በእኛ ቤት ደግሞ አባት የሚመርቀው ቆሞ ነው። አባታችን ታላቅ እህታችንን የመረቃት እንደዚያ ነበር። ታናሿ ከእሷ እንድታንስብኝ አልፈለግሁም።

ፋሲካ ደረሰ። ጦርነቱ ጋብ ካለ ወዲህ የመጀመሪያው ፋሲካ ስለነበር፣ አገሩ የተራበውን ሁሉ በእኔ አፍ ሊያካክስ የተማማለ ይመስል ነበር። «ደም ፈሶታል፣ ይተካ» እያሉ አጎረሱኝ። እኔም እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ደሙ የተተካው ጉቶዬ ላይ ይሁን ሌላ ቦታ እንጃ፣ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ኩባያው አልገባ አለ። ካልሲውን አወለቅሁ፤ አልገባም። ደሴ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለም፣ ሙሽራው መንገድ ላይ ነው።

ይሄኔ አክስቴ ገባች። አክስቴ ለራስ ምታትም፣ ለስብራትም፣ ለትዳር ጠብም አንድ መድኃኒት አላት፤ ቅቤ።

«ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት በምን ይወጣል?» አለችኝ።

«በቅቤ» አልኳት።

«በቅቤ የሚወጣ በቅቤ ይገባል።»

ከእንዲህ ያለ ሊቅ ጋር ማን ይከራከራል? ጉቶዬን እንደ ሙሽራ ራስ ለቀለቀችው። ገፋሁት፣ ገባ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ አክስቴም እግሩን ራሷ የሠራችው ያህል ተጎማለለች። ኩባያው ግን የአጥንቴን ጫፍ እንደ ጉጠት ነከሰኝ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ፤ ሰውም ደስ ብሎት ነው አለ።

ዳሱ ውስጥ ቆምኩ። ሙሽሮቹ ከፊቴ ተንበረከኩ። መርሳ ቆላ ነው፣ ቅቤ ደግሞ ቆላ ላይ ምን እንደሚሆን ከአክስቴ በቀር የማያውቅ የለም። ውለዱ ክበዱ ብዬ አንድ እርምጃ ስጠጋቸው እግሬ ወደኋላ ቀረ። ሚዜዎቹ በአየር ላይ ይዘው ወንበር ላይ ጣሉኝ። አንደኛው እግሩን አነሣና በክብር አጠገቤ አቆመው፣ እሱም የሚሳም ጉልበት እንዳለው ሁሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እህቴ እግሩን በእጇ ገፋ አደረገችና የሱሪዬን እግር ሰበሰበች። ቀልቶ የተላጠውን፣ ከቆሰልኩ ወዲህ ከሐኪም በቀር ማንም ያልነካውን ጉልበቴን ሳመችው።

«ጉልበትህ አለልኝ አይደል» አለች፤ ከንፈሯ በቅቤ ወዝቶ ነበር።

አለቀስኩ፣ ሰው ፊት። አክስቴ ከኋላ ቅቤው የሳሳ ስለነበር ነው እያለች ታስረዳ ነበር። ያን የጉልበት ነገር ከአገሩ ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ተንበርክካ የነገረችኝ ግን እህቴ ብቻ ናት።