ለደረቀ ቡና የተቆረጠ ደመወዝ

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብኩ... ለትዳር እንዳይመስላችሁ። ቡና ደርቆ ኪሎው ስለቀነሰ ነው።

እዚህ ዲላ አንድ የቡና ነጋዴ ጋ መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። ዘንድሮ ከኢዲዶ መንደር የመጣው ቡና በደንብ ሳይደርቅ ነው የገባው። በእጅ ሲዘግኑት ርጥበቱ ያስታውቃል። ያኔውኑ ለአለቃዬ ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው «ግድ የለም፣ እዚሁ ይደርቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ደረቀ። ሲደርቅ ቀለለ፣ ሲመዘን ጎደለ... የጎደለው ደግሞ ከኔ ደመወዝ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

እስቲ በፈጠራችሁ፣ አየር የጠጣውን ውሃ እኔ ከየት አምጥቼ ልተካ?

ላናግራቸው ገባሁ። ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም፤ ስቀጠር የፈረምኩትን ውል አውጥተው አንዷን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ሠራተኛና ድርጅት ካልተግባቡ ነገሩ በድርጅቱ ሽማግሌዎች ያልቃል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መክሰስ የለም ትላለች። ያን ቀን ደግሞ ያልፈረመ ሥራ የለውም ነበር የተባልነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ የጋሽ ታደሰ ዘመዶች፣ ሦስተኛው ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አባባ በራሶ። ተስፋዬን በሙሉ እሳቸው ላይ ጣልኩ። የሚቆረጥብኝ የቤት ኪራዬ ነው፤ አከራዬ ደግሞ ሽማግሌ የምትሰማ ሴት አይደለችም።

እኔም ተናገርኩ፣ ጋሽ ታደሰም ተናገሩ። ሁለቱ ዘመዶች ስለ መቻቻል ረዘም ያለ ትምህርት ሰጡኝ። በመጨረሻ አባባ በራሶ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታደሰም አባትሽ ነው። በቃ ይሄ ነገር ይቅር?»

ይሄ ነገር ማለት ቆረጣው ነዋ! ሌላ ምን ነገር አለ? ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ «ይቅር አባባ፣ ይቅር። እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ተጸለየ፣ አሜን ተባለ። እኔ ሞኟ የጋሽ ታደሰን ጉልበት ስሜ ወጣሁ።

ትናንት ደመወዝ ወጣ። ቆረጣው እንዳለ ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋን ብጠይቃት ቀና ብላም አላየችኝ።

«ሽማግሌ ፊት ይቅር ያልሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ? አቤቱታሽን ትተሻል ተባልን እኮ።»

ያኔ ገባኝ... እኔ ቆረጣው ይቅር ስል፣ እነሱ አቤቱታው ይቅር ማለታቸው ነበር። በአንድ ቃል ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያይተናል፤ እነሱ ግን ከነገንዘቤ ነው የተለያዩት። እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም።

በዚያው ንዴቴ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ ረጋ ብሎ ሰማኝ። ሕግ ካልፈቀደው ወይም ራሴ በጽሑፍ ካልተስማማሁበት በቀር አሠሪ እንዲሁ ተነስቶ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም አለኝ። ያቺ የውል መስመርም እዚህ እንዳልመጣ ልትከለክለኝ አትችልም። ወዲያው ለጋሽ ታደሰ መጥሪያ ተጻፈላቸው።

ዛሬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በር ተንኳኳ። አባባ በራሶ ናቸው፤ ጋሽ ታደሰ ልከዋቸው። ገና ከመቀመጣቸው፣ ቢሮ ድረስ ምን አስኬደሽ፣ በቃ ይቅር በይ አሉኝ።

ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጣሁም። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ... የሚቀረው ምኑ ነው?»

እሳቸውም ይህንኑ ሊጠይቁልኝ ወደ ጋሽ ታደሰ ተመለሱ... እኔም ይቅር አላልኩም።