ይህ ስም ያለው ፋይል አስቀድሞ አለ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ፕሪንተሬ ወረቀት ሊስብ ሲንገራገር ልቤ ድንግጥ ይላል። የማወራላችሁ ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ ገበያ የሚወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ናቸውና ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ድሮ ቢሆን ስም መቀየሩም ትዝ አይለኝም ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር። ማመልከቻ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ እጽፋለሁ። ሰው ለነፍስ አባቱ ያልነገረውን ለእኔ ይነግረኛል፤ ካልነገረኝ ልጽፍለት አልችልማ።

ኮምፒውተሬ ቀደም ሲል በፍላሽ ቫይረስ አልቃ ነበር። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ሁሉም ፍላሹን እየሰካ በሽታውን ያራግፍብኛል። በመጨረሻ አልነሳም ስትል፣ ከጎኔ ተከራይቶ የሚኖር አንድ የኮምፒውተር መምህር ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሶፍትዌር ጫነልኝ። «ነፃ ነው። የሚገዛም የሚሰረቅም የለውም፤ ይህ የፍላሽ ቫይረስም አይነካውም» አለኝ። «በነፃ የመጣ ነገር መች ደግ ሆኖ ያውቃል» እያልኩ አንድ ወር ሙሉ ስነጫነጭበት ከረምኩ።

አንድ ነገሩን ግን ወደድኩለት። የጽሑፍ ፕሮግራሙ በአማርኛ ነው የሚያናግረኝ። ፋይል፣ ማረሚያ፣ ማስገቢያ ይላል። የማናውቃቸው ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ምንም ክፍያ የተረጎሙት ነው አለኝ መምህሩ። እግዜር ይስጣቸው። እንግሊዝኛ ለማያውቅ ደንበኛ ሁሉ «እዩልኝ፣ የኔዋ አማርኛ ትችላለች» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ይኸው መምህር ሻይ ሊጠጣ በመጣ ቁጥር የሚለኝ ነገር ነበረው። «የሰው ጽሑፍ በስሙ አታስቀምጪ። የይለፍ ቃል አድርጊበት። ስክሪንሽንም ለሰው አታዙሪ።» እኔም «በስሙ ካላስቀመጥኩት በቁመቱ ልፈልገው ነው?» እለው ነበር። አፌ እንደሆነ ሰው አይፈራም።

ያን ዕለት የገበያ ቀን ነበር። ጧት ገና እንደከፈትኩ አንዲት ተማሪ ገባች። ትብለጥ ብለን እንጥራት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በማንኩሳ በኩል ካለ ገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ስንቅ ልታመጣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ብትሄድ ጠላ ተጠምቆ፣ ዳስ ሊጣል እንጨት ተቆርጦ ደረሰች። የማን ሠርግ ነው ብትል የራሷ ሆኖ አገኘችው። ለሚመጣው እሑድ። በሌሊት ሹልክ ብላ ወደ ከተማ ተመለሰች።

«አሥራ አምስት ዓመቴ ነው እትየ» አለችኝ። «ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጻፊልኝ። መማር ነው የምፈልገው።»

ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ጻፍኩላት። ላትምላት ስል ፕሪንተሩ ቀይ መብራት አሳይቶ ቆመ፤ ቀለም ጨርሷል። «ሂጂ ትምህርትሽን ተማሪ፤ አስሞልቼ እጠብቅሻለሁ። ስትወጭ ወስደሽ ከሰዓት ታስገቢያለሽ» አልኳት። ጽሑፉንም እንደ ልማዴ በስሟና በአባቷ ስም አስቀመጥኩት፤ «ትብለጥ አንለይ» ብዬ።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ቀለሙን አስሞልቼ ገና መክተቴ ነው፣ አንድ ጋቢ የደረቡ ሰውዬ «እንዴት አረፈድሽ» ብለው ገቡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ከጎኔ ተቀመጡ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው ዞር አደረግሁላቸው። የኛ የጸሐፊዎች ወግ ነው፤ ደንበኛ ስሙ ሳይሳሳት መጻፉን በዓይኑ ማየት ይወዳል።

«ለሚመለከተው ሁሉ ብለሽ ጀምሪ» አሉኝ። ጀመርኩ። «እኔ አንለይ» ብለው የአባታቸውን ስም፣ ቀበሌያቸውን ነገሩኝ። ጻፍኩ። «ልጄ ትብለጥ አንለይ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ጣቴ ቆመ። ወይ ጉዴ! ጧት የጻፍኩላት ልጅ አባት ከጎኔ ተቀምጠው ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ምነው፣ ፈጠንሁብሽ?»

«ኧረ የለም አያ አንለይ» አልኩና ቀጠልኩ። እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። «ዓመት እኮ በዓይኑ ዓ ነው ልጄ። አንች በአልፋው ጻፍሽው። ልጅ ሁኜ ቆሎ ትምህርት ቤት ነበርሁ፤ ፊደል ሲሳሳት አልወድም።»

አረምኩላቸው። እሳቸውም ዘና ብለው ማውራት ጀመሩ። ሦስት ምስክሮች ገበያው ዳር እየጠበቋቸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ፤ ዕድሜዋን የሚጠይቅ ቢመጣ እሱን ያሳያሉ። ልጅቷ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ትለቀቃለች። ከትምህርት ቤቱ በር ተቀብለው ይዘዋት ይሄዳሉ። ሰዓቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ያኔ ነው እጄ አመሉን ያመጣው። አእምሮዬ ልጅቷ ዘንድ ሄዷል፤ ጣቶቼ ግን ስንት ዓመት የለመዱትን ሠሩ። ጽሑፉን ላስቀምጥ የልጅቷን ስም ጻፍኩና ተጫንኩት። ስክሪኑ መሐል ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

አያ አንለይ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «‹ትብለጥ አንለይ› የሚል ስም ያለው ፋይል አስቀድሞ አለ። መተካት ይፈልጋሉ?»

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ቀላምጄ አልፈው ነበር። ያ የኮራሁበት አማርኛ ጉድ ሠራኝ።

«አስቀድሞ አለ ማለት?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሞክሼ ናት» አልኳቸው።

«የአባቷም ስም?»

«በዚህ አገር አንለይ የሚባል ስንት ሰው አለ አያ አንለይ! እርስዎ ብቻ ነዎት?»

ትክ ብለው አዩኝ። የሰውዬው ዓይን የሞኝ ዓይን አይደለም። «እስቲ ክፈችው» አሉ ቀስ ብለው። «ሞክሼዋን ልያት።»

ብከፍተው የልጅቷ ነገር አለቀ። አልከፍትም ብል ደግሞ አወቁ ማለት ነው። ምን እንደምል ሳላውቅ አፌ ቀደመኝ። «አልከፍትም» አልኩ። «የሰው ገመና ነው። ነገ አንዱ መጥቶ የአያ አንለይን ወረቀት አሳይኝ ቢለኝ ልክፈትለት? ይሄን አሥራ ዘጠኝ የሚለውን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ላሳየው?»

አሥራ ዘጠኝ ያልኩት ሆን ብዬ አልነበረም፤ እንዲሁ ወጣኝ። እሳቸው ግን ቁጥሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ዱላቸው መለሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። የራሳቸው ወረቀት ሰው ባያየው ይሻላቸዋል።

«አይሆንም፣ አይሆንም» አሉ። «ደግ ብለሻል። በይ አትሚልኝ።»

ተገላገልኩ ብዬ፣ ሳልተካ መልእክቱን ዘጋሁና ማተሚያውን ተጫንኩ። ፕሪንተሩ ሲንገራገር ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። ጧት ያዘዝኩት የልጅቷ አቤቱታ በቀለም ምክንያት ወረፋ ይዞ ቆሞ ነበር። አሁን የሚወጣው መጀመሪያ የእሷ ነው! ፕሪንተሩ ደግሞ በእሳቸው በኩል ነው ያለው።

ወረቀቱ ወጣ። ጽሑፉ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ የኪዳነ ምሕረት ያለህ! አያ አንለይ እጃቸውን ሰደዱ። እኔ በላያቸው ላይ ተንጠራርቼ ቀማኋቸው።

«የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይቆሽሻል» አልኩና እንዳለ ከቂጤ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። ትልቅ ሴትዮ ወረቀት ታቅፋ እንደ ዶሮ! ሁለተኛው ወጣ፤ የእሳቸው። አገላብጠው አነበቡ፣ ዓይኑን ዓ ፈለጉ፣ አገኙት፣ አጣጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ። ተሰናብተውኝ ወደ ገበያው ወረዱ።

ከበሩ ራቅ እስኪሉ ቆጠርኩ። ከዚያ የልጅቷን አቤቱታ ይዤ፣ ቤቴን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩ። የገበያ ቀን መንገዱ በአህያና በከብት ተጨናንቋል። «ንካው! ምን ትጎተታለህ!» እያልኩ ምስኪኑን ባለ ባጃጅ አናቱን አዞርኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ተማሪው መውጣት ጀምሯል። ትብለጥን ከጓደኞቿ መሐል አየኋትና እጇን ያዝኩ።

«አባትሽ እየመጡ ነው። ግቢ» አልኳት። አንዲት ቃል ሳትጠይቅ ገባች። ባጃጁ ሲታጠፍ በኋለኛው መስኮት አየሁ፤ ያ ጋቢ ከቁልቁለቱ ማዶ ብቅ ብሏል። ልጅቷም አየችው። ፊቷን በመጽሐፏ ሸፈነች።

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ሲል ደረስን። አንዲት ሴትዮ ተቀብላ አቤቱታውን ቆማ አነበበችው። «የዕድሜ ማስረጃ አለሽ?» አለቻት። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ዕድሜዋ አለ። «ይበቃል» አለች ሴትዮዋ። እኔ የአባትየውን ወረቀት ነገር አውቃለሁ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የሰው ገመና አልከፍትም ካልኩ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ካርዱ ባይበቃት ኖሮ ምን አደርግ ነበር? እሱን አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆነ። አባት ተጠሩ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ተቆጡ፣ ተለመኑ። ሠርጉ ቀረ። ልጅቷ ቡሬ አክስቷ ዘንድ ሄዳ እዚያው መማር ቀጠለች። አባቷ ግን አኮረፏት፤ አላናግርም አሉ።

ያን ዕለት ማምሻውን መምህሩን ጠራሁት። «ና፣ ያልከኝን ሁሉ አድርግልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ጽሑፎቹን ሁሉ በይለፍ ቃል ዘጋልኝ። አሁን ፋይል በቁጥር ነው የማስቀምጠው፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቅ ደብተር አለኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ስክሪኑ ወደ እኔ ብቻ ዞሯል። ደንበኛ ስሙን ማየት ሲፈልግ አትሜ ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ከማተሜ በፊት ደግሞ ወረፋ የያዘ ነገር አለ ወይ ብዬ አያለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ቀና ብል አያ አንለይ በሩ ላይ ቆመዋል። ሊደበድቡኝ የመጡ መሰለኝ፤ ዓይኔ መጀመሪያ ያየው ዱላቸውን ነው። እሳቸው ዱላውን በዚያው ቦታ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ያች ሞክሼ ደህና ናት?» አሉኝ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

«ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች አሉ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ሰው ነው የነገረኝ። እኔ አላየኋትም።»

ዕንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ወንድማቸው የማሳቸውን ድንበር ገፍቶባቸዋል። አቤት ማለት ይፈልጋሉ፤ ወንድምየው ግን ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በፊት እንዳይሰማ ይፈልጋሉ። ከተማው በጸሐፊ ተሞልቶ እኔ ዘንድ መምጣታቸው ገረመኝና ጠየቅኋቸው።

«ከእኔ ከአባቷ የሸሸገች፣ ከወንድሜም ትሸሽግልኛለች ብዬ ነዋ!» አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። ላስቀምጥ ስል ቀድመውኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ስሜን እንዳትጽፊበት» አሉ።

ነገሩን የሰሙ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። ጎበዝ አይደለሁም። የልጅቷን ገመና ሰው ዓይን ላይ ያሰጣሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያዳናትም የእኔ ብልሃት ሳይሆን የአባቷ ሐፍረት ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያን ዕለት ባጃጁ ውስጥ እንዳየኋት ትመጣብኛለች፣ በመጽሐፍ ፊቷን ሸፍና። ያን ጊዜ በራሴ እናደዳለሁ።

የአያ አንለይንም ጽሑፍ በቁጥር አስቀመጥኩት። ስንት ቁጥር እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።