ወገብ የሌላት ዝንብ

አጎቴ በጓሮው ጎመን ላይ ያቺን ብርቱካንማ ዝንብ ባየ ቁጥር በሁለት ጣቱ ይይዛትና ዓይኔ ሥር ያመጣት ነበር። ተርብ መስላኝ ስሸሽ ይስቅብኛል።

«አንተ ፈሪ፣ ወገቧን እያት! የተርብ ወገብ ክር ነው፤ ይቺ ወገብ የላትም። አትናደፍም። ግን በቂጧ ቅጠሉን እንደ መጋዝ ሰንጥቃ እንቁላሏን ትከትበታለች፤ ትሎቿ ጎመኑን ይጨርሱታል።»

እውነተኞቹን ተርቦች ከቤቱ ክዳን ሥር ያኖራቸው ትሎቹን ስለሚለቅሙለት ነው። ሰዉ ግን «አብዷል» ይለው ነበር።

የሞተ ዕለት ጎረቤቶቹ ለቀስተኛ እንዳይነደፍ ብለው የተርቦቹን ጎጆ አቃጠሉት። «ተዉ፣ እሱ ያኖራቸው ናቸው» ብል ማን ይስማኝ?

«ለተርብም ታለቅሳለህ እንዴ?» አሉኝ።

ዝንቦቹን ማንም አልነካቸውም። ለቅሶው ሳያበቃ ትሎቹ ጎመኑን ወረሩት፤ አገዳው ብቻ ቀረ። አቃጣዮቹም ንፍሯቸውን በልተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ትናንት ሚስቱ ከቦዲቲ ገበያ ጎመን ገዝታ ገባች። በዚያ ቤት የገበያ ጎመን ሲከተፍ አይቼ አላውቅም። መቃብሩ ላይ አፈር ስመልስ ያላመንኩትን ሞቱን ያን ጊዜ አመንኩ።