ዊንቹና የዋልካው መንገድ

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ገዳሪፍ

ከገዳሪፍ የወጣነው ሰማዩ ገና ሳይለይለት ነው። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ አባርቷል፤ የሱቆቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ግን አሁንም ይንጠባጠባል። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን። መሪውን የያዘው ዑስማን የገዳሪፍ ልጅ ነው፤ ከመተማ ሰሊጥ ሲያመላልስ አማርኛ ለምዷል። መካከል ላይ ጎንደር በነርስነት የሠራችው ሲስተር አበራሽ፣ ዳር ላይ ደግሞ እኔ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ጌታሁን። ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ ግሉኮስ፣ የተቅማጥ ጨውና የወተት ዱቄት ተጭኗል። ከፊት፣ ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) አጠገብ፣ በሁለት ቀን የገጠምኩት ዊንች ተቀምጧል።

ዊንች ላላየ ሰው፦ በባትሪ የሚዞር ጥቅል ነው፤ የብረት ገመድ ተጠምጥሞበታል። መኪና ጭቃ ሲውጣት ገመዱ ተስቦ ከአንድ ጽኑ ነገር ላይ ይታሰራል። ጥቅሉ ገመዱን መልሶ ሲሰበስብ መኪናይቱ ራሷን ጎትታ ትወጣለች።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከደጋው በእግሩ የወረደ ሰው ድንበር ተሻግሮ የምንሄድበትን የስደተኞች መጠለያ ሞልቶታል። በበጋ ከገዳሪፍ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጥቁር ዋልካ ጎማ ይይዛል፣ ጫማ ያወልቃል፣ የጭነት መኪና ሳምንት ያቆማል።

ባለፈው ሳምንት ሲስተር አበራሽና ዑስማን ይህንኑ ጭነት ይዘው ሄደው ነበር። ሱዳኖች ኾር የሚሉት፣ በበጋ ደረቅ፣ በክረምት ጎርፍ የሚሆን የወንዝ ቦይ አለ፤ እዚያ ሰጥመው በትራክተር ተጎትተው ተመለሱ። በማግስቱ ሲስተር ወደምሠራበት ጋራዥ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ግሉኮሱ እዚህ መጋዘን ተቀምጧል፤ ልጆቹ እዚያ እያለቁ ነው» አለችኝ። «ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዊንች አለ ይላሉ። ትገጥመዋለህ ወይስ አትገጥመውም?»

ዊንቹን አውቀዋለሁ። ከእኔ በፊት አንድ መካኒክ ሞክሮት፣ እንደ መብራት ሽቦ በቀጠነ ገመድ አገናኝቶት፣ ሽቦው ጭሶ ቀልጧል። ከዚያ ወዲህ «የተበላሸ» ተብሎ ጥግ ተጥሏል። ሞተሩን ፈታሁት። አቧራውን ጠረግሁ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉትን ከሰሎች አጸዳሁ፣ ባትሪ አስነካሁት። ዞረ። የተበላሸው ዊንቹ አልነበረም፤ ሽቦው ነው።

«እገጥመዋለሁ» አልኳት።

ለዚህ ሥራ አውራ ጣት የሚያህል የመዳብ ገመድ ያስፈልጋል፤ በገዳሪፍ ሱቅ ሁሉ ዞሬ «ማፊሽ»፣ የለም፣ ከማለት በቀር ገመዱን የሰጠኝ አልተገኘም። መጨረሻ ላይ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ገባሁ። ሐጂ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ላይ መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ ከሱቃቸው ጀርባም ብየዳ ያሠራሉ። የፈለግሁትን ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ጓሮ ገብተው የብየዳ ማሽናቸውን ገመድ እየጎተቱ መጡ።

«ስንት ክንድ ይበቃሃል ልጄ?»

«ሐጂ፣ ይህ ከተቆረጠ ማሽንዎ ይቆማል እኮ።»

«በክረምት ማን በር ያስበይዳል? ይቁም። ያገሬ ሰው በጭቃ ምክንያት ሲሞት ግን ቆሜ አላይም። ቁረጥ!»

ቅዳሜን በብረቱ ላይ ዋልን። ዑስማን ዊንቹን ፓራውልቱ ላይ ብቻ እንበይደው ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፓራውልት ቆርቆሮ ነው፤ መኪናይቱ ስትጎተት እሱ ብቻውን ተገንጥሎ ይሄዳል። ወፍራም ላሜራ ከሻንሲው፣ ከመኪናይቱ ዋና አጽም፣ ጋር በስምንት ቡሎን አሰርንና ዊንቹን እሱ ላይ አስቀመጥነው። እሑድ የሽቦው ቀን ነበር። ፖዘቲቩን ከባትሪው አውጥቼ፣ ከወደቀ ትራክተር በፈታሁት ዋና ማጥፊያ በኩል አሳልፌ፣ ወደ ዊንቹ መቆጣጠሪያ ሳጥን ወሰድኩት። ገመዱ የሞተሩን ጭስ መውጫ ነክቶ እንዳይቀልጥ አዙሬ፣ የውሃ ጎማ ሰንጥቄ አለበስኩት። መጋጠሚያዎቹን ግራሶ ቀብቼ ከጎማ ውስጥ በወጣ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠፈርኳቸው። ነጌቲቩን ከሻንሲው ላይ በቡሎን አሰርሁት። ጋራዡ በር ላይ ባዶውን ሞከርነው፤ እንደ ወፍጮ እያጓራ ዞረ። ዑስማን አጨበጨበ።

ሰኞ፣ ረፋድ፤ ዶካ

መንገዳችን ላይ ያለችው ዶካ ከተማ ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። የሻይ ቤቱ ራኩባ፣ በሣር የተከደነ ዳስ፣ ሥር የተቀመጡት ሾፌሮች ሻያቸውን አስቀምጠው መኪናይቱን ከበቡ። ፉል በዘይትና በሽንኩርት ቀረበልን፤ ዳቦው ካለፈው ወር በመጠን አንሷል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ዊንቹን በዱላቸው መታ መታ አድርገው ለዑስማን በዓረብኛ ተናገሩት። ዑስማን እየሳቀ ተረጎመልኝ፦

«‹ገመዱን ከምን ላይ ታስሩታላችሁ?› ይላል። ‹ከዚህ በኋላ ዛፍ የለም።›»

እኔ አልሳቅሁም። ልክ ናቸው። ከዶካ ወዲያ ሜዳው ታርሶ ያለቀ ነው፤ ማሽላና ሰማይ ብቻ።

«ኢንሻ አላህ እናገኛለን በላቸው» አልኩት። ምን እንደምናገኝ ግን አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ኾሩ

ኾሩ ውሃው ጎድሏል፤ ከሥሩ የቀረው ጭቃ ግን እንደ ሊጥ ነው። ዑስማን ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ግማሹን እንዳለፍን የኋላው ጎማ ሰመጠ፣ ቀጥሎ የመኪናይቱ ሆድ ጭቃው ላይ ተኛ። ጎማው ይዞራል እንጂ መኪናይቱ አትነቃነቅም።

ወረድኩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ዙሪያውን ባይ ባይ አንድ ቁጥቋጦ የለም። ወዲያ ማዶ ጥቁር መሬት፣ ከዚያም የማሽላ ቡቃያ። ቆሜ አሰብኩ። ምሰሶ የለም፤ ጽኑ ነገር ካጣን ራሳችን መትከል አለብን። ዓይኔ ከኋላ የታሰረችው ስኮርታ፣ መጠባበቂያዋ ጎማ፣ ላይ አረፈ።

«ዑስማን፣ አካፋ!»

«ምን ልታደርግ?»

«ጎማውን ልቀብረው።»

ማዶው ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርን። ሲስተር አበራሽም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በሣህን አፈር ታወጣ ነበር። ጎማዋን ወደ ኾሩ ፊቷን አዙረን አቆምናት፤ የገመዱን ጫፍ በመካከሏ አሾልከን ከጀርባዋ በወፍራም ብረት ቆለፍነው። ለገመዱ ቀጭን መውጫ ትተን አፈሩን መልሰን ረገጥነው። ገመዱ ቢበጠስ ሰው እንዳይቆርጥ ብርድ ልብስ ጣልንበት። ዑስማን ሞተሩን አስነሣ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጠቅ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ደግሜ ተጫንኩ። ጠቅ።

«ያ ዑስታ፣ ኸላስ» አለ ዑስማን፣ ራሱን መሪው ላይ ጥሎ። «አልቋል፣ ባለሙያው።»

ሲስተር ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያን ጊዜ አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ፤ ግን መሬቱም ከጉልበቴ በላይ አልዋጠኝም። ኮፈኑን ከፈትኩ። በእጄ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ባትሪው ላይ ያለው ቀዝቃዛ፣ ማጥፊያው ቀዝቃዛ። ነጌቲቩን የሻንሲው ቡሎን ላይ ስነካው ጣቴን ለበለበኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቡሎኑን ያሰርኩት የሻንሲውን ቀለም ሳልፍቅ ነበር። ባዶውን ሲዞር ያችው በቀለሙ ስንጥቅ የምታልፈው ትንሽ ኃይል በቅታዋለች፤ ሸክም ሲመጣ ግን መንገድ አጣች። ቡሎኑን ፈታሁ፤ ቀለሙን ብረቱ እንደ ብር እስኪያበራ ድረስ በቢላ ፋቅሁት፤ መልሼ በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅሁት። የተቃጠለው ጣቴ እየደማ ነበር፤ ያየሁት ግን ኋላ ነው።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ዊንቹ አጓራ። ገመዱ ተወጠረ፣ ብርድ ልብሱ ተነሣ፣ የተቀበረው ጎማ አፈሩን ገፍቶ ጠበቀ። ለአፍታ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ከዚያ ጭቃው እንደ ጡት የሚያስጥሉት ሕፃን እየተነጫነጨ መኪናይቱን ለቀቃት።

ጥቂት እንጎትታለን፣ የመዳቡ ገመድ እንዲበርድ እንቆማለን፤ ደግሞ እንጎትታለን። ማዶው ላይ ስንወጣ ዑስማን ከጋቢናው ዘሎ አንገቴን አቀፈኝ። ሲስተር «በሉ ጎማውን አውጡ፤ ሰው ይጠብቀናል» ብላ አካፋውን ቀድማ አነሣች።

ሰኞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፤ መጠለያው

መጠለያው ከሩቅ የሚታየው በጭሱ ነው። በአማርኛም በትግርኛም «መኪና! መኪና!» የሚል ድምፅ ተቀበለን። ሲስተር የጭቃ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ሕሙማኑ ድንኳን ገባች። የግሉኮሱን ጠርሙሶች ከድንኳኑ ምሰሶዎች ላይ እያንጠለጠልኩ አገዝኳት። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ የማይመለስ አንድ ልጅ ጠብታው ከገባለት በኋላ ውሃ ብሎ ጠየቀ። እናቱ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ማለዳ፤ መመለስ

ልንነሣ ስንል አንድ ሰው ሮጦ መጣ። ወርቁ ይባላል፤ የበለሳ ገበሬ ነው። ሚስቱ እታገኝ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሲስተር አይታት ወጣችና ወደ ዑስማን ዞረች።

«ልጁ በአግድሞሽ ነው። ገዳሪፍ ካልደረሰች ሁለቱም ይሞታሉ።»

ዑስማን ሰማዩን አየ። «ሌሊት ላይኛው አገር ዘንቧል። ኾሩ ይሞላል።»

«ይሙላ» አልኩ።

ወርቁ አብሮን ሊመጣ አልቻለም፤ ሁለት ልጆች አሉት፣ የሚጠብቅለት ዘመድ የለም። መኪናይቱ ስትነሣ ጎን ለጎን ጥቂት ሮጠ፤ ከዚያ ቆመ።

ኾሩ ሞልቶ ነበር። ቀይ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። እታገኝ ከኋላ፣ ፍራሽ ላይ፣ የሲስተርን ክንድ ነክሳ ይዛለች። ስኮርታዋን አውርጄ በነፋስ እንደተሞላች ውሃው ላይ ጣልኳት፤ ተንሳፈፈች። አካፋውንና ብረቱን ጎማዋ ላይ፣ የዊንቹን ገመድ ጫፍ ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጎማዋን አቅፌ ገባሁ። ውሃው ወስዶኝ በጣም ዝቅ ብዬ ማዶ ወጣሁ። ወደ መኪናይቱ ትይዩ ተመልሼ ብቻዬን አዲስ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ጎርፉ ያረጠበው አፈር ቀለለኝ። ጎማዋን ቀብሬ እጄን አነሣሁ።

ዑስማን የራዲያተሩን ፊት በሸራ ሸፍኖ ገባ። ማብሪያውን በመስኮት አሾልኮ በግራ እጁ ይዞታል። ውሃው ጎማውን አልፎ መብራቱን ነካ፤ ዊንቹ ከነሞተሩ ጠለቀ። የቋጠርኩት ካላማዳሪ ውሃ ካስገባ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ጎርፉ መኪናይቱን ወደ ጎን ሲገፋት አየሁ፤ ገመዱ ግን ያዛት። የተቀበረችው ጎማ አፈሩን ሰንጥቃ ብቅ ማለት ስትጀምር በሁለት እግሬ ቆምኩባት። «አታቁም!» እያልኩ ስጮህ ድምፄን የሰማው ማን እንደሆነ እንጃ። የመኪናይቱ አፍንጫ ከውሃው ወጣ። ከዚያ የፊት ጎማዎቿ መሬት ያዙ።

የቀረውን መንገድ ማን እንደነዳው አላስታውስም፤ ዑስማን ነው መሆን ያለበት። ከቀትር በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምን። እታገኝን ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ።

ዓርብ፤ መጠለያው

ዛሬ ደግመን መጣን። ከባድ መኪናዎቹ ዶካ ላይ ቆመዋል፤ እኛ ግን የምንችለውን ያህል ዱቄትና ወተት ጭነን አልፈናል። ወርቁ ሁለት ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዞ መንገዱ ዳር ቆሟል። ከማክሰኞ ጀምሮ መኪና በተሰማ ቁጥር ይወጣል አሉን። ወደ ጋቢናው ተመለከተ፤ እታገኝን አላያትም። አልጠየቀንም። መጠየቁን ፈርቶታል።

ሲስተር አበራሽ መኪናይቱ ሳትቆም በሩን ከፈተች።

«ወርቁ! ቀዶ ጥገና አድርገውላታል። ደህና ናት። ልጅቷም ደህና ናት፤ ሴት ናት።»

ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። መሬቱን በመዳፉ ነካ፣ ግንባሩን ነካ። ቀና ሲል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጡቷ ወተት አለው?»

«አለው» አለች ሲስተር። «ልጅቷም ጡት ይዛለች።»