እትዬ ሰዓዳ «ለማንም አልሰጠሁም» ያሏቸው ቅጠሎች

በሰፈራችን ሌባ የለም! ይህን የማበስረው ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስለሆነ የሚቀየመኝ ሰው ሊኖር ይችላል። የሞቱትን ሰው የሚያውቅ ግን ነገሩን ሲሰማ ደስታዬን ይጋራኛል።

ሐይቅ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የሻርፕና የሽቶ ሱቃቸው የምናውቃቸው ወይዘሮ ሰዓዳ ይማም ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በተቀበሩ ማግስት የጓዳቸው መጋረጃ ሲገለጥ፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቋቸው ዝንጉርጉር ተክሎች አንድም ሳይቀር የሉም። መደርደሪያው ላይ የቀረው የማሰሮዎቹ ክብ ክብ ምልክት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። «እንዴት አደርሽ?» የሚሉን ሰዎች «ትናንት ማታ የት ነበርሽ?» ማለት አመጡ።

ተክሉን ላላያችሁት ልንገራችሁ። አሎካሲያ ይባላል። የጎደሬ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉም ጎደሬን ይመስላል። ግን አይበላም፤ ይበላል ብሎ ያኘከው ሰው ምላሱን ሲያክ ይውላል። የእሳቸው ደግሞ ተራው ዓይነት አይደለም። አረንጓዴው ላይ ኖራ የተረጨበት የሚመስል አለ፤ ከመሐለኛው ጅማት ወዲህ ነጭ፣ ወዲያ አረንጓዴ ሆኖ ለሁለት የተከፈለም አለ። ይህን ለሁለት የተከፈለውን «ግማሽ ጨረቃ» ይሉት ነበር። በእኛ አገር ቅጠል ነጣ ማለት ታመመ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ «ሰዓዳ ለምጽ የያዘው ጎደሬ ታስታምማለች» ሲል፣ ሌላው «ከአረብ አገር ያመጣችው መድኃኒት ነው፤ ለማን እንደሆነ እንጃ» ይል ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አረብ አገር ሲሠሩ የቤቱ ማዳም ብርቅ ተክል ሰብሳቢ ነበሩ። የእትዬ ሰዓዳ ሥራ ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነበር። ሲሰናበቱ ማዳሟ «ምን ልስጥሽ?» ቢሏቸው፣ ከተክሉ ሥር ከአፈሩ ውስጥ የምትገኘውን ሽምብራ የምታክል ፍሬ ለመኑ። ሌሎች ወርቅ አጥልቀው ሲገቡ እሳቸው በጥጥ የተጠቀለለ ፍሬ ይዘው ገቡ። ዘመድ አዝማዱም «ወርቁንስ የት ቀብራው ነው?» እያለ ጠረጠራቸው። እሳቸውም በተራቸው ዘመድ አዝማዱን ጠረጠሩ።

መቼም እንደ እሳቸው የሚጠረጥር ሰው አላየሁም። መጀመሪያ የተዋወቅነው ሻርፕ ልገዛ ገብቼ፣ በመጋረጃው ክፍተት አንድ ቅጠል ያየሁ ቀን ነው።

«እትዬ ሰዓዳ፣ ያ ፕላስቲክ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ፕላስቲክ ነው።»

«ታዲያ ፕላስቲክ ያለቅሳል እንዴ?»

ከቅጠሉ ጫፍ እውነትም ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነበር። ሥሩ ውሃ ሲጠግብ ትርፉን በጫፉ እንደሚያንጠባጥብ ኋላ ነው ያወቅሁት። እትዬ ሰዓዳ መቀሱን አስቀምጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«በይ መጀመሪያ ማሻአላህ በዪ። ከዚያ ትገቢያለሽ።»

ማሻአላህ ብዬ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተማሪያቸው ሆንኩ። ያስተማሩኝ ግን እየጠረጠሩኝ ነው። በመጋረጃው ግርጌ ክር ይዘረጋሉ፤ ጠዋት ሲመጡ ክሩ ተነቃንቆ እንደሆነ አጎንብሰው ያያሉ። «ቅጠሉን የሚያደንቅ አያስፈራኝም፤ ወደ ሥሩ ጎንበስ የሚል ነው የሚያስፈራኝ» ይላሉ። ገበያ ያመጣውን አፈር አያምኑም፤ አሸዋውን ራሳቸው አጥበው ከከሰል ድቃቂ ጋር ይቀላቅላሉ። የቧንቧ ውሃማ አይታሰብም። «ይሄ ውሃ በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደመጣ ማን ያውቃል?» ይሉና የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። እሱንም ቢሆን ዝም ብለው አይቀበሉትም። ዝናብ ሲጀምር ሳፋ ይዤ ስሮጥ ቀሚሴን ጎትተው ያስቀሩኛል። «የመጀመሪያው የጣራ እጣቢ ነው። አቧራውን፣ የወፉን ኩስ ይዞ ይውረድ። አሸንዳው ሲጠራ ትወጫለሽ።»

እንደዚህ እየተጠራጠሩ ያሳደጉት ቅጠል ግን ያብረቀርቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ቅጠል ወጣና እኔ በደስታ ስጮህ እሳቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ነጩ እንግዳ ነው፤ አረንጓዴው ባለቤት። ሠርቶ የሚያበላው አረንጓዴው ነው። እንግዳ ከበዛ ቤት ይፈታል» አሉ። «ታዲያ ነጩን ሁሉ እንቁረጠው?» ስላቸው ደነገጡ። «ኧረ እንግዳ የማይመጣበት ቤትስ ምኑን ቤት ሆነ!»

ይህ ጥርጣሬያቸው ስንቱን ሰው እንዳተረፈ የሚያውቅ ያውቃል። የጎረቤታቸው የእትዬ ብርነሽ ልጅ ትዕግስት ወደ አረብ አገር ልትሄድ ተነሥታ ሳለ፣ ደላላው ሱሪውን ተኩሶ፣ በትህትና አጎንብሶ ሊያስፈርማቸው መጣ። እትዬ ብርነሽ በሰውየው ጨዋነት ተደስተው ነበር። እትዬ ሰዓዳ ደግሞ እንደ አጋጣሚ ገቡና ተቀመጡ።

«የምትገባበት ቤት ስንት ሰው ነው ያለው ወንድሜ?»

«ጥቂት ነው እትዬ።»

«ጥቂት ማለት? ማዳሟን አነጋግረሃቸዋል?»

«አዎን፣ በደንብ።»

«ጎሽ። በል እስቲ አሁን ደውልልኝ፤ በአረብኛ ሰላም ልበላቸው።»

ደላላው ስልኬ ካርድ የለውም አለ። የራሳቸውን ስልክ ሰጡት። ቁጥሩን ረሳሁ አለ። ቆይቶም መኪና ይጠብቀኛል ብሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። እትዬ ብርነሽ «ምን ዓይተሽ ጠረጠርሽው?» ቢሏቸው፣ «እኔ ቅጠል ሳይ ገልብጬ ሆዱን ነው የማየው። ተባይ ከላይ አይቀመጥም» አሏቸው። ትዕግስት ዛሬ ደሴ ትማራለች። እትዬ ሰዓዳ ለሚሄዱትም ልጆች ከሱቁ ጀርባ የአረብኛ የወጥ ቤት ቃላት ያስተምሯቸው ነበር። ይህንንም ቢሆን «ሻርፕ ሊገዙ ነው የመጡት» እያሉ ይደብቁታል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው አንድ ቀን ጠርተውኝ በሩን ዝጊ አሉኝ። አንዱን ግማሽ ጨረቃ ከነማሰሮው ዘንቢል ውስጥ አስገብተው፣ ላዩን በሻርፕ ሸፈኑት።

«ለማንም አልሰጠሁም። ላንቺ ብቻ ነው። የጠየቀሽ ካለ ጎደሬ ነው በዪ።»

«ለእናቴስ?»

«ለእናትሽም ጎደሬ ነው። ላትናገሪ ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠሁ። ተክሉን አልጋዬ ሥር ደብቄ፣ ቀን ቀን ብቻ መስኮቱ ላይ እያወጣሁ አሳደግሁት። እንግዲህ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲገኝ የተሰማኝን አስቡት። አንዱ እኔ ጋ ነው። ለማንም ካልሰጡ ሌሎቹ ተሰርቀዋል ማለት ነው። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። እትዬ ብርነሽ በጠራራ ፀሐይ መስኮታቸውን በነጠላ የሚጋርዱት ለምንድን ነው? እትዬ ሰዓዳን ሐኪም ቤት ያመላልስ የነበረው ባለባጃጁ ኢብሬስ፣ የራሱ ጓዳ በር ላይ አዲስ ቁልፍ የገጠመው ምን ኖሮት ነው? ለካ እነሱም እኔን እያዩ ነበር። ኢብሬ ለእናቴ «ልጅሽ በመስኮት ምን ታወጣለች፣ ምን ታስገባለች?» ብሏት ኖሯል።

ነገሩ የከረረው የእትዬ ሰዓዳ ወንድም ጋሽ ይመር ከውጫሌ መጥተው መደርደሪያውን ሲያዩ ነው። «እህቴን ነፍሷ ሳትወጣ ነው የዘረፏት!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹን ለቅሶው ዳስ ውስጥ ሰብስበውም አውጫጭኝ ይደረግልኝ አሉ፤ እንደ ጥንቱ ሁሉም በአንድ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ እየተጠየቀ፣ ሌባው እስኪወጣ ማለት ነው። «ሁሉም እንደ ሃይማኖቱ ይማል። ያልማለ ሰው ከእህቴ ሰደቃ አይቀምስም፤ ይህን ደጅም አይረግጥ!»

እትዬ ብርነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ የምምለው ይመር? እሷን አጥሚት ባጠጣሁበት እጄ ወንጌል ልምታ?»

«ካልወሰድሽ ምን ያስፈራሻል?»

እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ይህን ልብ አለው። እውነቱን ለመናገር እኔም ልብ ብዬዋለሁ። በሌላ በኩል የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። «አልሰረቅሁም» ብዬ መማል እችላለሁ። «ቤትሽ አለ ወይስ የለም?» ቢሉኝስ? አለ ካልኩ ለሟች የሰጠሁት ቃል ይፈርሳል፤ ሌባ መባሌም አይቀርም። የለም ካልኩ በሐሰት ምያለሁ።

ጋሽ ይመር «እስቲ ከልጅቷ እንጀምር» ብለው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከዚያም የዳሱን ሸራ ይደበድበው ገባ። ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ሐቅና ስለ አላህ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ዓይኔ አሸንዳው ላይ ነው። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ጠላ ይመስል ነበር። ቀስ በቀስ ቀጠነ። ከዚያ ኩልል ብሎ ጠራ። ያን ጊዜ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

ብድግ ያልኩት ብቻዬን አልነበረም።

«ምን ሆናችሁ? የት ነው ሁላችሁም በአንድ ጊዜ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ሳፋ… ሳፋ ላወጣ ነው ጋሼ፤ አሁን እመለሳለሁ» አለ ኢብሬ።

«እኔም ባልዲ ቢጤ…» አሉ እትዬ ብርነሽ።

አንድ ሽማግሌ በመገረም አዩን። «ዝናቡ ከጀመረ ቆየ እኮ ልጆቼ! እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነው?»

«የመጀመሪያው የጣራ እጣቢ ነው!» አልን፤ ሦስታችንም፣ በአንድ አፍ።

እትዬ ብርነሽ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጋ አለ?»

«ለእኔ ብቻ ነው የሰጡኝ» አልኩ።

«ምን? ሰዓዳ የሰጠችው ለእኔ ብቻ ነው! ለልጄም እንዳልናገር አስምላኛለች!»

«ኧረ ወላሂ ለእኔ ብቻ ነው የሰጡኝ!» አለ ኢብሬ። «ለሚስትህ እንኳ እንዳትናገር ብለውኝ፣ ይኸው ከሚስቴ ጋር በቁልፍ የተነሣ ስንጨቃጨቅ!»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ብርነሽ ናቸው፤ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ ሲሳቅ ዓይቼ አላውቅም። ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። ቆመው ሰማዩን፣ በሰሜን በኩል ወደ አምባሰል ተራሮች ያለውን ደመና አዩ። ሽማግሌዎቹ አሁንም ተቆጥተዋል ብለው ሊያባብሏቸው ሲጠጉ፣ ጋሽ ይመር ጢማቸውን ሳብ ሳብ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ውጫሌም እየዘነበ ይሆን? እኔ ጋ ሳፋ የሚያወጣ ሰው የለም እኮ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይከሳል? ጋሽ ይመር የእትዬ ብርነሽን እጅ ይዘው «አውፍ በይኝ እህቴ፤ ይቅር በይኝ» አሉ፤ እትዬ ብርነሽም አውፍ አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ተክሎቻችንን አወጣን። ኢብሬ የእሱን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ሙሽራ እንደያዘ ሰው ጡሩምባ እየነፋ መጣ። ተክሎቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሁላችንም ተወልውሏል፤ የሁላችንም ከሥሩ አሸዋና ከሰል ነው። አንዱም አልደረቀም።

እትዬ ሰዓዳ፣ ቃሌን ስላፈረስኩ አውፍ ይበሉኝ። ሰውን አያምኑም እንልዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ያለዎትን ሁሉ ሰው እጅ ላይ ትተው ነው የሄዱት። ባሉበት ማንንም የማይጠረጥሩበት፣ ክር የማይዘረጉበት ቦታ አላህ ይስጥዎት። ቀብርዎን ኑር ያድርገው። ደህና ይሁኑ የኔ እናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ግን፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ምልክቶች እኛ ካመጣናቸው ማሰሮዎች ይበልጣሉ። አልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ወይም አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለ ዘመድ ቤት ያስቀመጠ ሰው አለ፤ «ለእኔ ብቻ ነው» ብሎም ጨንቆታል። የጋሽ ይመርን መልእክት ነው የማደርሰው። የፊታችን እሑድ ሰደቃው ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እትዬ ሰዓዳ ግቢ ኑ። ተክሉ የሌላችሁም ኑ፤ ከሥሩ የምናገኘውን ፍሬ እንካፈላለን። ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁት ኑ። ሀፍረት ከያዛችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። ማንም «ከየት አመጣኸው?» አይላችሁም።